የጋሽ ዓባይነህ ስኮትላንዳዊ

እዚህ በሰው አገር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ የአንድ ሟች ታሪክ ብቻ የሚያወሩ ሽማግሌ የሌሉበት የሀበሻ ካፌ ካያችሁ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። አንዱ ጋ ንጉሥ ይነሣል፣ ሌላው ጋ ጄኔራል። ለኛ ካፌ የደረሱን ክቡር ጋሽ ዓባይነህ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ የያዙትም ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ስኮትላንዳዊ፣ ጄምስ ክላርክ ማክስዌልን ነው።

ዋይፋይ ከተቆራረጠ፣ "ኤሌክትሪክንና ማግኔትን በሂሳብ ያጋባ ማክስዌል! ያለ እሱ ምን ዋይፋይ አለ?" ይላሉ። አስተናጋጇ ዮዲ ሰልፊ ስትነሣ፣ "የመጀመሪያውን ባለ ቀለም ፎቶ ያስነሣው ማን ሆነና! የተነሣው ጥብጣብ ነበር፤ እንዳንቺ ከንፈሩን አላሾለም።"

አንዴ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ አንዱ "ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌይ፣ ተጨናንቆ አረፈድኩ" ብሎ ይቅርታ ቢጠይቅ ጋሽ ዓባይነህ ብድግ አሉ። "የሳተርን ቀለበትም እንዲሁ ነው! ከሩቅ አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ እልፍ ፍርስራሽ ተከታትሎ ይዞራል። ይህን በሂሳብ ያሳየ ማክስዌል!" ሟቹ መገላገሉን ያወቀው ያን ቀን ይመስለኛል።

እኔም በመስኮት ካየኋቸው፣ ሞተር ሳላጠፋ ወደ ሮክቪል የምሸሽበት ቀን አለ።

ሌላው የካፌያችን ደንበኛ አሥራት አርሊንግተን ውስጥ የመንግሥት ኮንትራክተር ዘንድ ይሠራ ነበር። ከሥራ ተቀንሶ ሌይኦፍ እንደተደረገ ካፌው በሙሉ ያውቃል፤ ሚስቱ ህይወት ብቻ አታውቅም። የቋጠረችለትን ምሳ ይዞ፣ የመሥሪያ ቤት ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በየጠዋቱ ከች ይላል። እኛ ደግሞ ሰው ራሱ ያላወጣውን ገመና አንነካም።

"ዛሬም ሪሞት ነው የምትሠራው?" እንለዋለን።

"ሪሞት ነኝ።"

ማክሰኞ ዕለት ስልኩ ጮኸ። "ወዬ ህይወትዬ... ሚቲንግ ላይ ነኝ" ከማለቱ የማኪያቶው ማሽን አጓራ። ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጋሽ ዓባይነህ ስኒያቸውን እያዩ፣ "ማክስዌልም ተባሯል" አሉ። ስንት ዓመት ስንሰማቸው ይህን ምዕራፍ አውጥተውት አያውቁም! "አበርዲን ሁለት ኮሌጆች ተዋሃዱ፤ ለሁለት ፕሮፌሰር ቦታ የለንም፣ አንተ ውጣ አሉት። ኤድንበራ አመለከተ፤ ጓደኛውን ቀጠሩበት።"

"ከዚያስ ጋሼ?" አለ አሥራት።

ጋሽ ዓባይነህ ደነገጡ። በዚህ ሁሉ ዘመን "ከዚያስ?" ያላቸው ሰው የለማ!

"ከዚያማ... ለንደን ሥራ አገኘ። ብርሃን ምን እንደሆነ የገባው እዚያ ነው።"

"ሚስቱስ?"

"አብራው ሄደች። የቀለም ሙከራውን ቤት ውስጥ አብራው ትሠራ ነበር።" ስኒያቸውን አስቀመጡ። "መቼም ሳይነግራት አይደለም።"

አሥራት ባጁን አውልቆ ኪሱ ከተተ። እየደወለ ሲወጣ፣ "ህይወትዬ፣ ሚቲንጉ አልቋል" ሲል ሰማሁት።

ጋሽ ዓባይነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደኔ ዞሩ። የመኪናዬን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"እስቲ ጋሼ፣ ያቺን ሳተርንን ይድገሙልኝ።"