የወይዘሮ ሸዋርካብሽ የመጨረሻ ዋጋ

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ሁሉ አንዲት ተከራካሪ ተመድባለታለች። ከጠባቂ መልአኩ ጋር አብራ የታዘዘችለት ይመስላል። ልዩነቱ፣ መልአኩ አይታይም፤ እሷ ግን ገና ቁልፉን ከበሩ ሳይነቅል ከኋላው ቆማ፣ "ዛሬስ ልብህ ራርቷል?" ትለዋለች።

ለሸማ ተራው ነጋዴ ለዱባለ የተመደቡለት ክብርት ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ክርክራቸው ረጅም ነው። ዋጋ ሲነገራቸው መጀመሪያ መርዶ እንደሰማ ሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቀጥለው ነጠላቸውን ያጣፋሉ። ከዚያ ያቺ የታወቀች ቃላቸው ትመጣለች፤ "እሱማ መነሻው ነው። መጨረሻውን ንገረኝ!"

መጨረሻው ሲነገራቸው ደግሞ እሱም መነሻ ይሆናል።

ሰባተኛ ሰፈር አንድ ድውር ክር ገዝተው መርፌውን በምራቂ እንደወሰዱ ይወራል። አውቶቡስ ላይም "የምይዘው ግማሽ ወንበር ነው" ብለው ቲኬት ቆራጩን አብነት ሰፈር እስኪደርስ በላብ አጥምቀውታል። የንስሐ አባታቸው ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። አርባ ስግደት ቢያዟቸው፣ ጉልበታቸውን አሳይተው፣ ዕድሜያቸውን ጠቅሰው፣ የቄሱን የራሳቸውን ርኅራኄ ምስክር ጠርተው በአሥራ ሁለት ተስማሙ። "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ሲባሉም "ጎረቤቴንም ይጨምሩልኝ" አሉ ይባላል። ቄሱ አልካዱም።

ትልቁ ጥበባቸው ግን መውጣት ነው። ክርክሩ ሲጠና ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በሩ ያመራሉ። አይቸኩሉም፣ አይጎተቱም። እግራቸው ደፉን ሊሻገር ሲል የነጋዴው አፍ ሳያዝዘው ይከፈታል፤ "እትዬ፣ ይመለሱ!" ዱባለ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲሆን "ዘንድሮስ አልጠራም" ብሎ ይምላል። በየዓመቱም ይጠራል።

ይህ ዱባለ ከባለቤቱ ከሠርኬ ጋር ብዙ ተስሎ ያገኛት አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ባይነሽ። ጡት ሳትተው ጀምሮ ችፌ የያዛት ናት። የክርኗና የጉልበቷ እጥፋት እንደቀላ ነው። ሠርኬ ቫዝሊን ስትቀባት፣ ከሱፍና ከአቧራ ስታርቃት ትውላለች። ዱባለም በሱቁ ካለው ሸማ ሁሉ እጅግ የለሰለሰውን ለእሷ ያስቀራል፤ የሚኒስትር ሚስት ብትመጣም አይሸጠውም።

እንግዲህ በዚህች ቆዳ ላይ ነው ጉድፍ የመጣባት። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ፈንጣጣ ገና ከአገር አልወጣም። ውኃ የቋጠረችው የመጀመሪያዋ ሽፍታ ደረቷ ላይ ብቅ ስትል ሠርኬ ጮኸች፤ ልጅቷን ታቅፈው ወደ ሐኪም ሮጡ።

ሐኪሙ ልጅቷን አገላብጦ አየ። "ፈንጣጣ አይደለም፣ ጉድፍ ነው። ለሌላ ልጅ ብዙ አያሰጋም። የእሷ ቆዳ ግን ቀድሞም በችፌው የተሰነጣጠቀ ነው። ከታከከች ይመግላል፤ መግሉ ወደ ደሟ ከገባ ልናጣት እንችላለን።" ጥፍሯን አሳጥረው እንዲቆርጡ፣ በለብታ ውኃ እንዲያጥቧት፣ ሲያሳክካት በእርጥብ ጨርቅ መታ መታ እንዲያደርጉላት መከራቸው። "ትኩሳቷ ከባሰ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት" አለ።

ችፌ ይዟት ያደገችን ልጅ "አትከኪ" ማለት ዶሮን አትጫሪ ማለት ነው። ዱባለ ሱቁን ዘግቶ ቤት ዋለ። በከረሜላ ሞከረ፣ በቁጣ ሞከረ፣ በልመና ሞከረ። ሠርኬ እጇን በለስላሳ ጨርቅ ጠቀለለችላት፤ ልጅቷ ጀርባዋን እንደ ጥጃ ግድግዳው ላይ ትፈትገው ጀመር። ሁለቱም አጠገቧ ተቀምጠው አለቀሱ።

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ።

"ሱቅ ብትዘጋ የምታመልጠኝ መስሎሃል?" አሉ ክብርት ወይዘሮ ሸዋርካብሽ። "ያ ጋቢ ገና አልተቋጨም!" ከጾሙ በፊት የጀመሩት ክርክር ነበር።

"እትዬ፣ እባክዎ፣ ልጄ ጉድፍ ወጥቶባት ነው። እንዳይይዝዎ..."

"እኔ በልጅነቴ ወጥቶብኝ አልፏል" ብለው ገቡ።

"ያሳክከኛል!" እያለች ትጮኻለች ባይነሽ። "ልከከው! አባዬ፣ ልከከው!"

"አይሆንም፣ የኔ ዓለም።"

"ለምን አይሆንም?" አሉ ወይዘሮ ሸዋርካብሽ። ሠርኬ ደንግጣ ቀና አለች። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት። "ስንት ጊዜ ማከክ ትፈልጊያለሽ?"

ባይነሽ ለቅሶዋን ቆረጠች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። አሰበችና የምታውቀውን ትልቁን ቁጥር ጠራች።

"አሥር!"

ወይዘሮዋ ዓይናቸውን በሐዘን ጨፈኑ። "አሥር! በአሥርማ ዝሆን ከነልጁ ይታከካል! እሱ መነሻው ነው፤ መጨረሻውን ንገሪኝ።"

"ዘጠኝ።"

"አንድ። እሱም በአንድ ጣት። እሱም በብርድ ልብሱ ላይ።"

"እንቢ! ስምንት! በሁሉም ጣት!"

"ወይ ልጅ! ያባትሽን ድንጋይ ልብ ነው የወረስሽው!" ነጠላቸውን አጣፉ። ተነሡ። ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በሩ አመሩ፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳይጎተቱ። እግራቸው ደፉ ላይ ሲደርስ ከአልጋው ላይ፣

"ነይ! ነይ ተመለሽ! እሺ ሰባት!" የሚል ጩኸት ተሰማ።

ዱባለ አፉን ይዞ ቀረ። ለዓመታት የተጠመደበትን ወጥመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር ቆሞ አየው። እንዴት ያምራል!

ሲወርዱ፣ ሲወጡ፣ ሲማማሉ ቆይተው፣ ሁለት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ መታ መታ፣ በምራቂም አንድ "እፍ" ለማድረግ ተስማሙ። ወይዘሮዋ ጨርቁን ነክረው ጨመቁ።

"በይ፣ የቱ ጋ ነው ያሳከከሽ?"

ባይነሽ ክንዷን አየች፣ ሆዷን አየች። "ረሳሁት" አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት መጥተው ሲመሽ ይሄዱ ነበር። ሠርኬ ክርክሩን ቶሎ ለመደችው። ዱባለ ግን ልጅቷ "ስድስት" ስትለው አንጀቱ እየራራ "እሺ" ይላል። "አንተን ብሎ ነጋዴ!" ይሉታል ወይዘሮ ሸዋርካብሽ። "ሱቅህ እስከ ዛሬ የቆመው በኔ ቸርነት ነው!" እሱም እየሳቀ በልቡ ይደነቃል፤ እግዚአብሔር አንዱን ሰው ለምን እንዲህ አድርጎ እንደሠራው እስኪያሳይ ድረስ ስንት ጊዜ ይታገሣል!

አንድ ቀን ወደ ማታ ግን ክርክሩ ቆመ። ባይነሽ ትኩሳቷ ነደደ፤ የዓይኗ ሽፋን ላይ የወጣችው ሽፍታ አብጣ ዓይኗን ዘጋችው። ወይዘሮ ሸዋርካብሽ "ስንት?" ቢሏት ዝም አለች። "በይ እሺ፣ አሥር" አሏት፤ የጠየቀችውን ሁሉ ሊሰጡ። አሁንም ዝም።

ተሸክመዋት ሮጡ። ሐኪሙ ፔኒሲሊን ወጋትና "አሁን እንጠብቅ" አለ። ሠርኬ ከልጇ ጋር ውስጥ ቀረች። ዱባለ ወደ ደጅ ቢወጣ፣ ወይዘሮዋ ፊታቸውን ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አዙረው ቆመው አገኛቸው። ሊሳሉ ነው። ዱባለ ልቡ ፈራ፤ እኚህ ሴት ከመልአኩም ጋር ተከራክረው ለቤተ ክርስቲያን የሚሳሉትን ድባብ ወደ ጧፍ፣ ጧፉን ወደ ክብሪት ያወርዱታል ብሎ።

"አባቴ ራጉኤል" አሉ ወይዘሮ ሸዋርካብሽ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ቀጥኖ፣ "ዋጋውን አንተ ጥራ። እኔ አልከራከርም።"

ዱባለ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ሌሊቱን ትኩሳቱ በረደ። ሲነጋ ባይነሽ በአንድ ዓይኗ አባቷን አይታ "እትዬስ?" አለች። እየዋለ እያደረ እብጠቱ ጎደለ፣ ጉድፉ ደረቀ፣ ቅርፊቱም ረገፈ። ከቅንድቧ በላይ አንዲት ጠባሳ ብቻ ቀረች። ችፌውማ እንዳለ ነው፤ ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

ሰንበት ብሎ ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ከዱባለ ሱቅ ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ጀማለዲን ሱቅ ገቡ። ጀማለዲን ከፋይና ጃንጥላ ይሸጣል። ባለ ወርቅ ዘርፉን ድባብ አወረዱና ዋጋውን ጠየቁ። ጀማለዲን ያውቃቸዋልና ለክርክር የሚሆን ቦታ ጨምሮ፣ ከፍ አድርጎ ጠራ። ወይዘሮዋ መቀነታቸውን ፈትተው ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

ጀማለዲን ገንዘቡን አየ። እሳቸውን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እትዬ፣ ደህና አይደሉም እንዴ? ሰው ሞቶብዎት ነው?"

"ደህና ነኝ። ጠቅልልኝ።"

"ኧረ ያ አላህ! እሱ እኮ መነሻው ነው! ቀንስ ይበሉኝ እንጂ!"

"የስለት ነው፣ ልጄ። በስለት አልከራከርም።"

"እንግዲያው እኔ እቀንሳለሁ!"

"አትቀንስም!"

በመርካቶ ታሪክ ሻጭ ዋጋ ሊያወርድ፣ ገዢ ላለማስወረድ የተጨቃጨቁበት ቀን ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አሸናፊዋ የታወቀች ናት።

ድባቡን ለራጉኤል አስረክበው ሲመለሱ በቀጥታ ዱባለ ሱቅ ገቡ። ባይነሽ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ዱባለ ያን ጋቢ አጥፎ፣ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

"እትዬ፣ ይውሰዱት። የእርስዎ ነው።"

"በነፃ?" ወይዘሮ ሸዋርካብሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ምን በደልኩህ? እንደ አሮጊት ልትጦረኝ ነው? ዋጋ ጥራ!"

ዱባለ ያን ጊዜ ገባው። ጋቢውን ወደ መደርደሪያው መለሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ንስሐ የሚያስገባ ዋጋ ጠራ።

ወይዘሮዋ ዓይናቸውን በሐዘን ጨፈኑ። ፊታቸው ግን በራ።

ከዚያ ተከራከሩ። ዱባለ እንደዚያ ቀን ከልቡ ተከራክሮ አያውቅም፤ ማለ፣ ተገዘተ፣ የሸማኔውን ድካም አነሣ፣ አንዲት ሳንቲም ላለመቀነስ እንደ አንበሳ ታገለ። ጀማለዲን ሱቁን ትቶ መጥቶ ያዳምጣል። በመጨረሻ ክብርት ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ጀርባቸውን ሰጡ።

"እትዬ፣ ውጪ! ውጪ!" አለች ባይነሽ በሹክሹክታ፣ ሸማ ተራ ሁሉ እየሰማት። "ይጠራሻል!"

ዱባለ ጀርባቸውን አየ። አጭሯን፣ ቀጥ ያለችውን ጀርባ። አላስቻለውም።

"እትዬ፣ ይመለሱ!"

ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ተቆጥተው ዞሩ።

"ምነው ቸኮልክ? ገና ደፉ ጋ አልደረስኩም እኮ!"