ኢንጂነር ጀይሉና የእማ ዙቤይዳ ወንበር

በየሰፈሩ አንድ «ለምን ይገዛል? እኔ እሠራዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰፈር ሲቆረቆር መስጊዱ፣ የውሃ ቦኖውና ይህ ሰው አብረው የተተከሉ ይመስላል። ሌላው በር ሲያስፈልገው አናጢ ይጠራል፤ እሱ ግን የትም ቤት ገብቶ ደህና በር ካየ፣ ራሱ ያልሠራው መሆኑ ያንገበግበዋል። ከሚሴ ላይ ይህ ሰው ጀይሉ ይባላል፤ በሙሉ ማዕረጉ ክቡር ኢንጂነር ጀይሉ፣ ቀን የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ወደ ማታ ከአስር ሰላት በኋላ አናጢ። ማዕረጉን የሰጠው ሰፈርተኛው ነው። ቀልድ መሆኑን ጀይሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ማዕረግ ማዕረግ ነው ብሎ በደስታ ተቀብሎታል።

ይህን ደስታ አብዱልጀሊል በየቀኑ ሳይወድ ይሰማል። አብዱልጀሊል ዝምተኛ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከጀይሉ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ጎረቤቱን አይጠላውም፤ ይህንንም ለሚስቱ ለረቢአ ደጋግሞ ነግሯታል። «አልጠላውም፤ ብቻ ያ ድምፁ…» ብሎ ይጀምርና ቃል ያጣል። ረቢአ «ቅናት ነው» ብላ ትጨርስለታለች።

እንዴትስ አይቀና? የጀይሉ አልጋ አንድ እግሩ በድንጋይ ተደግፎ የቆመ ነው። በሩ የሚከፈተው መጀመሪያ ከፍ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ገፋ ማድረግን ለሚያውቅ ብቻ ነው፤ ሌባ ሲታገለው አድሮ ተስፋ ቆርጦ ሄደ እየተባለ ይወራል፣ ወሬውንም በዋናነት የሚያወራው ራሱ ጀይሉ ነው። የሠራላቸውን ቤት ዶሮዎቹ አንድ ጊዜ ዞረው አዩትና ሎሚው ዛፍ ላይ ማደራቸውን ቀጠሉ። ሰው ግን ይወደዋል። ማታ ማታ ጎረቤቱ ጠማማ አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ሲስቅ፣ ሳቁ አጥሩን ተሻግሮ የአብዱልጀሊል እራት ላይ ያርፋል። አብዱልጀሊል በረንዳው ላይ ከደሴ ያስመጣው፣ አንድም ቀን ተንቃንቆ የማያውቅ አግዳሚ አለው። የሚቀመጥበት ሰው ግን የለውም።

የጀይሉ የመሣሪያ አገዛዝ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። መጋዝ ከሱቅ አይገዛም። ሰንበቴ ገበያ ይወርድና ከብት ተራውን አለፍ ብሎ፣ አሮጌ ብረታ ብረት መሬት ላይ ከተዘረጋበት ቁጢጥ ይላል። መጋዙን እንደ ወይፈን ነው የሚመረምረው። ጥርሱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ጀርባውን አጉብጦ ሲለቀው እንዴት እንደሚመለስ ያያል፤ በጥፍሩ መታ አድርጎ ጆሮውን ይደቅንበታል። «መሣሪያ እንደ በሬ ነው፤ ቀለሙን ሳይሆን ጥርሱን አይተህ ግዛ» የምትለዋን አባባሉን ያልሰማ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ካለ ትናንት የተወለደ ነው። እጀታ ቢሰበር ይተካል፣ ደህና ብረት ግን አይተካም ይላል። ከዚያ ጥሎ ይሄዳል፣ ሲጠሩት ይመለሳል፣ ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለአንዲት መሮ ከጧት እስከ ቀትር ዙሁር ሰላት ያከራከረው ሻጭ፣ መሮዋን በነፃ ወስዶ የቀረውን ብረት የሚሸጥበትን ፀሐይ ብቻ እንዲተውለት ለምኖታል ይባላል።

አብዱልጀሊል ይህን ሁሉ ሰምቶ ሰምቶ፣ አንድ ቀን ደሴ ወጣና ሙሉ ዕቃ ገዝቶ መጣ። በቀይ ሳጥን የተኛ የኤሌክትሪክ መላጊያ፣ ድሪል፣ በመስታወቱ ውስጥ ባለች አረፋ የእንጨቱን ቀጥታነት የሚናገር ውሃ ልክ። ጀይሉ በአጥሩ ቀዳዳ አየና «ማሻ አላህ፣ ቀለሙ ያምራል» አለ። አብዱልጀሊል ያቺን ቃል ከምሳው ጋር ሊውጣት ቢሞክር አልወርድ አለችው።

ሳጥኑን የሚከፍትበት ምክንያት ከእናቱ ጉልበት መጣ። እማ ዙቤይዳ በዚያው ግቢ በአሮጌው ቤታቸው ይኖራሉ፤ ሲሚንቶ እግሬን ይበላዋል ብለው የጭቃ ወለላቸውን አላስለወጡም። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ ወዲህ ሰላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ግድ ሆነባቸው፤ የፕላስቲኩ ወንበር ደግሞ እግሩ እየተከፈተ አስፈራቸው። አብዱልጀሊል ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። በወሎ የእናት ምርቃት ከውርስ ይበልጣል። የሰላት ወንበሯን በእጁ የሠራ ልጅ በቀን አምስት ጊዜ ይመረቃል ማለት ነው። ወንበሩን ራሱ ሊሠራ፣ ምርቃቱንም ብቻውን ሊወስድ ቆረጠ። ጀይሉ እንዳይሰማ ብሎ ረቢአን አስጠነቀቃት፤ መላጊያውን ሲያስነሳው ግን የከሚሴ ግማሹ ሰማ።

ወንበሩ ሲሚንቶው በረንዳ ላይ ተሠራ። የዋንዛ ጣውላ፣ አራት እግር፣ መደገፊያ፣ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ። ውሃ ልኩን ቢያስቀምጥበት አረፋዋ መሀል ላይ ቁጭ አለች። ተሸክሞ እናቱ ከሚሰግዱበት ቦታ አኖረው። እማ ዙቤይዳ «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡ፤ ወንበሩም ከእሳቸው ቀድሞ ወደ ቀኝ ሰገደ።

አብዱልጀሊል ረዘመ ያለውን እግር ቆረጠ። በረንዳው ላይ ቢለካው አሁን አረፋዋ አጋደለች፤ ስለዚህ የቀሩትን እግሮች አሳጠረ። አረፋዋ መሀል ስትገባ ተሸክሞ ወደ እናቱ ቤት መለሰው፤ ወንበሩ እንደገና ሰገደ። እንደገና ቆረጠ፣ ለካ፣ ተሸከመ። ወለሉ ጎርባጣ መሆኑ ለአፍታም አልታየውም፤ ያን ያህል ያማረ መሣሪያ ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል? መሸት ሲል እማ ዙቤይዳ ጉልበታቸው ከደረታቸው ሊገጥም ምንም አልቀረው።

«ልጄ ይብቃህ» አሉት። «ወንበር አልኩህ እንጂ ለሱጁድ ግንባሬን ወደ መሬት አቅርበው አላልኩህም።»

በማግስቱ ጧት አብዱልጀሊል ፊቱን ሲታጠብ የሰማው ድምፅ ሐሞቱን አፈሰሰው። እናቱ አጥሩ ሥር ቆመው «ጀይሉ፣ አከም ቡልተ?» እያሉ ነበር። እንዴት አደርክ ካሉ በኋላ፣ እስኪ ና ይቺን ወንበር እያት አሉት።

ጀይሉ መጣ። መጋዙ በብብቱ፣ ወሬው ከፊቱ። ስለ ዋንዛ፣ ስለ ምስጥ፣ የባቲ ገበያ ከሰንበቴ በምን እንደሚያንስ እያወራ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ወደ ቀኝ ወደ ግራ እንደ ሕፃን ተወዛወዘ።

«አብዱ፣ ወንበሩ ምንም አልሆነም። ያጋደለው ቤቱ ነው።»

«ውሃ ልኩ እኮ…»

«ውሃ ልክህ በረንዳህን ነው የለካው። እማ ዙቤይዳ በረንዳህ ላይ ነው የሚሰግዱት?»

እማ ዙቤይዳ ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። አብዱልጀሊል አልሳቀም።

ጀይሉ ማብራራቱን ቀጠለ፤ ማን ያቆመዋል? ሰው ቤቱ ውስጥ የሚሰግደው አንድ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ለዚያች ቦታ ብቻ ልክ ከሆነ ይበቃል። እያንዳንዱን እግር ካረፈበት ሳያነቃንቅ በከሰል ምልክት አደረገ፤ ከየእግሩ ሥር የየራሱ ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት ሊቀጥል፣ የጎደለውንም ቁመት ሊመልስ ነው። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ቁራጮቹን የሚልግበት ያ ቀይ ሳጥን ይምጣ አለ።

አብዱልጀሊል አመጣው። ጀይሉ የኤሌክትሪኩን መላጊያ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ተቀበለና ዝም አለ። አብዱልጀሊል ጎረቤቱን ዝም ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር፤ ያንን የሚጎመጅ ዓይን ግን ያውቀዋል፣ የራሱ ዓይን ነው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወደዚያ ማዶ የሚያይበት። መላጊያው ጮኸ፤ የመጀመሪያውን ቁራጭ ፍቅፋቂ እስኪሆን በላው። ጀይሉ ቀስ አድርጎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። «ቀለሙስ በእውነት ያምራል» አለና የሰንበቴውን የእጅ መላጊያ አነሳ። ምስማሩን ግን አብዱልጀሊል መታ፤ ጀይሉ የሚመታው ምስማር ሁሉ አንገቱን ይደፋል።

እማ ዙቤይዳ ተቀመጡ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እጃቸውን ሲዘረጉ ሁለቱም ፊታቸው ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ከፈቱ፤ ምርቃት ሲወርድ የተገኘ ሁሉ አሚን ይላል፣ የሚመረቀው ባላጋራውም ቢሆን።

«ጀይሉዬ፣ ዕድሜህን ያርዝመው።»

«አሚን» አለ አብዱልጀሊል በጥርሱ መሀል።

«ቤትህን እንደ ለምለሙ ጨፋ ሜዳ ይሙላው።»

«አሚን።» የእናቱ ምርቃት ዓይኑ እያየ በባልዲ ወደ ጎረቤት ግቢ ይቀዳ ነበር።

«የአንተን እጅ ለልጄ ይስጥልኝ።»

ጀይሉ ኮራ ብሎ አሚን አለ። አብዱልጀሊልም፣ ቢመረውም፣ አሚን አለ።

«የልጄን ዝምታ ደግሞ ለአንተ ይስጥህ።»

ይህችን ዱአ አብዱልጀሊል በየማታው እራቱ ላይ በልቡ ሲያደርጋት ኖሯል። ከንፈሩ ለአሚን ተከፈተ። ከአጥሩ ማዶ ምንም የማይሰማበት ምሽት፣ የራሱን የማኘክ ድምፅ ብቻ እያዳመጠ የሚበላው እራት ታየው። ከንፈሩ መልሶ ገጠመ።

እናቱ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ። «አሚን በል እንጂ፣ አንተ ልጅ።»

«እማዬ» አለ አብዱልጀሊል ወደ ወንበሩ እግር አጎንብሶ፣ «እሷን ምርቃት እንኳ ተያት።»