ዛፉ ዳጉ ሲጠይቀኝ

ትናንት በሕልሜ እኛ አፋሮቹ ተተክለን ዛፎቹ ይሄዱ ነበር። ወላሂ! እስከ ጉልበቴ አሸዋ ውስጥ ገብቼ ቆሜያለሁ። ያ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም መጤ ዛፍ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ እየተንጎራደደ መጣ። ፍየሎቼ ጫማ አድርገው፣ ጥርሳቸውን እየፋቁ ከኋላው ይከተሉታል።

"መጤ ነህ መሰለኝ፤ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለኝ ዛፉ።

"እኔ? አያቴ የተቀበሩት እኮ እዚሁ ነው!"

"የቱ ጋ?"

መቃብሩን ላሳየው ዞርኩ። የዛፉ ዘመዶች እላዩ ላይ ሰርግ ደግሰው ይጨፍሩ ነበር።

ዛፉ ወዲያው ከአሸዋው ነቅሎ መንገድ ላይ አቆመኝና "ዳጉ አለህ?" አለኝ።

አይ ጉዴ! በእኛ አገር መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሳይነግረው አያልፍም። ዳጉ ይህ ነው። በዳጉ ደግሞ አይዋሽም። ዛፉም ከእኛ ጋር ስለኖረ ይህንን ለምዷል።

"ሳር የቀረው የት ነው?" አለኝ።

ምላሴን ነከስኩት። የቀረችን አንዲት ሸለቆ ናት፤ እሷ ከጠፋች ከብቶቻችን አለቁ። አፌ ግን እኔን አልሰማኝም። "ከጥቁሩ ኮረብታ ጀርባ" አለ፤ ውሃው የቱ ጋ እንዳለም ጨመረለት።

"አላህ ይስጥህ" ብሎ ዛፉ ልጆቹን ለፍየሎቹ ሰጠ። አንድ በአንድ ዋጧቸው።

"አይዞህ፣ በሰላም እናደርሳቸዋለን" አለችው ቀንደ ሰባራዋ ፍየሌ።

ከዚያ ሸለቆው ውስጥ ነበርኩ። ግራሮቹ ጓዛቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። አንዲት አሮጊት ግራር ፊቴ ቆመች።

"እማማ፣ ወዴት ነው?"

"እሾሃሞቹ ውሃዬን ጠጡብኝ። የጠቆምካቸው አንተ ነህ አሉ። ውሃ ያሳጣህ!"

ማሪኝ ልላት ስል ሚስቴ ሞሚና ወዘወዘችኝ።

"ተነስ! ተነስና ጉድህን እይ!"

ሸለቆዋ ውስጥ ከሰፈርን ወር አልሞላንም። ሞሚና እየጎተተች ወደ ፍየሎቹ በረት ወሰደችኝ። ሰሞኑን ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ፍጉ ላይ ለጋ ቡቃያ ፈልቷል። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን አየሁት። እሱ ነው።

"ይሄ እዚህ አልነበረም" አለች።

አልነበረም። ስንመጣ ፍየሎቹ ርቧቸው መንገድ ላይ የዛፉን ፍሬ ሲበሉ እያየሁ ዝም አልኩ። በሕልሜስ ተጠይቄ ነው የተናገርኩት። በእውኔ ማንም ሳይጠይቀኝ በፍየሎቼ ሆድ አስጭኜ አመጣሁት። እጄን ይቁረጠው!

"እንግዲህ ወዴት ነው የምንሄደው?" ብላ ጮኸች ሞሚና።

ቀንደ ሰባራዋ ፍየል ማመንዠኳን አቁማ ቀና አለች።

"ድምፅሽን ቀንሺ" አልኳት፣ "ይሰሙሻል።"