ያልለኮስነው ደመራ

ሰው ለማረፍ ብሎ ከቤቱ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ አገር ማረፍ የፈለገ ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ የወጣ እንደሆነ ወይ ገበያ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ሙግት። አሁን ግን ጊዜው ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ ቤቴ ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ባለፈው ሳምንት ባለቀለም መጽሔት ይዞ መጣና «አያ ምንችል፣ እስቲ ይችን ይመልከቷት» አለኝ። ፊደል ባልቆጥርም ሥዕል ማየት አያቅተኝም። ባሕር መካከል ጉብ ያለ ጥቁር ተራራ አየሁ፤ ከአናቱ ጭስ ይወጣል። ከሥሩ ራቁታቸውን ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ነጮች አሸዋ ላይ ተጋድመዋል። ምን ሆነው ነው ብዬ ብጠይቀው «እያረፉ ነው። ተራራው እሳተ ገሞራ ይባላል፤ እሱን ለማየት ስንት ገንዘብ ከፍለው ከሩቅ አገር ይመጣሉ» አለኝ።

ሳቄን ዋጥሁት። እኔ እኮ እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ዓመት ያህል አርፌያለሁ! ያውም በነፃ፣ ያውም በመርከብ ተጭኜ፣ ያውም እንዳልጠፋ ባለጠመንጃ ከፊትና ከኋላ እየጠበቀኝ! የትኛው ሀብታም ነው እንዲህ ተከብሮ የሚያርፍ?

ሰው ሁሉ «ምንችል ዝምተኛ ነው» ይለኛል። ሚስቴ እንኳ አንዳንድ ቀን ቤት መኖሬን የምታውቀው ሳስል ነው። ዝምታዬ ምክንያት አለው፤ መጽሔቱ ነካክቶኛልና ዛሬ እናገረዋለሁ። የሚቀየመኝም አልቀረም፤ ሁሉም አልፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ጌታዬ ፊታውራሪ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ሥር የሚኖሩ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሻ ጃግሬያቸው ነኝ። ጣሊያን «ሹመት አለና መኳንንቱ ደብረ ማርቆስ ግቡ» ብሎ ላከ። ፊታውራሪ ካባቸውን ደረቡ፤ እኔም ጋሻቸውን አንግቤ ተከተልሁ። ግቢው ስንደርስ ሹመቱ ካሚዮን ላይ መውጣት ሆኖ ተገኘ። እኔን የፈለገኝ አልነበረም፤ ግን ስም ጠሪው በወረቀቱ ላይ ከተጻፉት መኳንንት አንዱን አጣው። ግራ ቀኝ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ወረቀት ከሚጎድል ሰው ይታሰር ብሎ ነው መሰለኝ በጠፋው ግራዝማች ፈንታ እኔን ሞላብኝ። ረፋድ ላይ ጋሻ ጃግሬ የነበረ፣ ቀትር ላይ ግራዝማች የሆነ ሰው ከእኔ በቀር ታውቃላችሁ? ጋሻውን ግን ወሰዱት።

መንገዱን ልተወው። መርከብ ላይ የሆንሁት ለክርስቲያን ጆሮ አይነገርም።

የደረስንባት የጣሊያን ደሴት የዚያች የሥዕሏ እህት ናት። ተራራዋ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ያጉረመርማል፤ አንዳንዴ ይተኛል፤ ደግሞ ይነቃና ያጨሳል። መምህሩ ሥዕሏን ነው ያየ፤ እኔ ግን እዚያ የሄደ ሰው ምን እንደሚያይና ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ መቼም ከእናንተ አንዱ ብር ተርፎት ይሄድ ይሆናል። አሸዋዋ እንደ ኑግ የጠቆረ ነው፤ በቀትር በባዶ እግሩ የረገጠው ሰው ሳይወድ ይጨፍራል። ድንጋይዋ ደግሞ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ድንጋይ! አንዲት ይዤ መጥቼ በገበቴ ውኃ ላይ ባሳይ፣ ጎረቤቱ «ምንችል ድግምት ተምሮ መጣ» ብሎ አማተበ። ሚስቴ ግን አንድም ሳትደነቅ ተረከዟን ትፈገፍግባት ጀመር፤ ይኸው እስከ ዛሬ።

ባሕሩ ዳር ውኃው ከሥር ይፈላል። ከደብረ ኤልያስ ተይዘው ከእኛ ጋር የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ ያን እንዳዩ «ጠበል ነው!» ብለው ልብሳቸውን ጣሉ። ቀምሰውት ጨው ጨው ሲላቸው ጊዜ ትንሽ አሰቡና «ጠበል ነው፤ ፈተና ግን አለበት» አሉ። ሰባት ጧት ተጠመቅን። አልዋሽም፣ የወገቤ ውጋት ያኔ እንደ ተወኝ ነው። መሬቱም ዳቦ ይጋግራል። ሊጡን በወይን ቅጠል ጠቅልላችሁ በትኩሱ አፈር ትቀብሩታላችሁ፤ ዞር ዞር ብላችሁ ስትመለሱ በስሎ ይጠብቃችኋል። ማገዶ የለ፣ ጭስ የለ! የአገሩ ሰው ደግሞ ቁርጥማት ሲይዘው ራሱን እስከ አንገቱ በትኩስ አሸዋ ያስቀብራል። ፊታውራሪን ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና «ጌታዬ፣ እስቲ ይሞክሩት» ብላቸው፣ «አንተ ሰው፣ ጣሊያን ሳይገድለኝ አንተ ልትቀብረኝ ነው?» ብለው በከዘራ ተከተሉኝ። በከዘራ ሊመቱኝ ሲሮጡ ጉልበታቸው ደኅና ነበር።

እንዲህ ዓለማችንን እየቀጨን ሳለ ዘመን ተለወጠ። መሪጌታ ቀኑን በገመድ ላይ እየቋጠሩ ይይዙ ነበርና አንድ ጧት ወጥተው «እንኳን አደረሳችሁ፣ ዛሬ ዕንቁጣጣሽ ነው» አሉ። ፊታውራሪ ሰማዩን አዩ። ያች ደሴት ሐምሌና ነሐሴን ጠብ ሳይል ነው የምታሳልፍ። «የቱ ዝናብ ነው ያባራው? የቱ ጭቃ ነው የደረቀው?» ብለው ጠየቁ። «ክረምት ያልወጣበት ዘመን አይለወጥም። ደመራ ሲበራ በዓይኔ ካላየሁ እኔ አልተሻገርሁም» ብለው አልጋቸው ላይ ወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን እህል ተዉ። በሳምንታቸው ክንዳቸውን ብይዘው የአገዳ ያህል ሆኗል። «ምንችል፣ እናንተ ወደ አዲሱ ዓመት ግቡ፤ እኔ በአሮጌው እቀራለሁ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። መሪጌታ ወደ ውጭ ጎትተው አወጡኝና «እኒህ ሰው ደመራ ካላዩ ለመስቀል ማግሥት አይደርሱም። እንጨት ፈልግ!» አሉኝ።

እንጨት? ጮቄ ሥር ቢሆን በአንድ ጧት አሥር ሸክም አመጣ ነበር። እዚያ ግን ዛፍ የሚባል የለም፤ ያለው ወይንና ድንጋይ ነው። እኔ ግን ተነሣሁ! የተሰበረ መቅዘፊያ አገኘሁ፣ የወይን ድጋፍ ለመንሁ፣ ባሕር የተፋውን ሳንቃ ለቀምሁ። በአደይ ፈንታ የእንስላል አበባ ሞልቷል፤ ቢጫ ነው፣ ምን ይጎድለዋል? የቀረኝ የመካከሉ ምሰሶ ነው። ጥቁር የለበሰች የአገሩ ባልቴት ነበረች፣ ፍየሎቿን በደጃችን የምታሳልፍ፤ እኛ እማማ እንላታለን። ልጇ ወታደር ሆኖ ወደ እኛ አገር ዘምቷል። ባየችን ቁጥር ጣሊያን በመደበልን አስተርጓሚ በኩል «ልጄን አይታችሁታል?» ትላለች፤ መሪጌታም «አገራችን ሰፊ ነው እማማ» ይሏታል። ሌላ ምን ይበሏት? የጭንቄን ምክንያት ስትሰማ ቤቷ ገባችና የልጇን ጀልባ ምሰሶ ጎትታ አወጣች። ልጇ ከተመለሰ ሌላ ይሠራል፣ ካልተመለሰ ለማን አስቀምጠዋለሁ አለች። መሪጌታ የልጇን ስም ጠይቀው በጸሎታቸው አስገቡት።

ደመራዬ ተደመረ። አምሮም ነበር! በዋዜማው የደሴቲቱ ሹም መጣ፤ ጢሙን በቅባት የሚያሾል ሻምበል ነው። ዞሮ አየው፤ እሳት ክልክል ነው፣ መርከብ ያሳስታል አለና እስከ መጨረሻዋ ጭራሮ አስለቅሞ ዕቃ ቤቱ ቆለፈበት። እስቲ ፍረዱኝ! ከአናታችን ላይ ተራራ ሙሉ እያጨሰ መርከብ የሚያሳስተው የእኔ አንድ ቁና እንጨት ነው?

በእኛ በኩል ደመራ የሚለኮሰው ማለዳ ነው። ጎሕ ሲቀድ ፊታውራሪን አዝዬ ወደ ግቢው አወጣኋቸው። ለምን እንዳወጣኋቸው እኔም አላውቅም፤ ተኝተው እንዲሞቱ አልፈለግሁም። መሪጌታ «እንግዲህ በልባችን እናብራው» አሉ። ፊታውራሪ ከጀርባዬ ላይ ሆነው «በልብ የበራ እሳት ማንን ያሞቃል?» አሉ።

ያን ጊዜ ምድር ከሥራችን ተንቀሳቀሰች። ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተራራው አናት ተከፈተና እሳት ሽቅብ ተተኮሰ! ቀይ ድንጋይ እንደ ፈንድሻ ይዘላል! የአገሩ ሰው እየጮኸ ወደ ጀልባው ሮጠ፤ ደወል ተደወለ፤ ዘበኛው ጠመንጃውን ጥሎ ሄደ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ ወርውረው «ተለኮሰ!» ብለው ጮኹ። ፊታውራሪ ከጀርባዬ ወረዱ። ወረዱ ነው የምላችሁ፣ በራሳቸው እግር! «ማነው የለኮሰው?» አሉ። «እግዜር ነዋ ጌታዬ!» አልሁ። «በል እንዙር፤ ደመራ ሳይዞር?» አሉ።

ተራራውን ለመዞር አንድ ቀን ይፈጃል። ሹሙ ደግሞ በካናቴራ፣ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ አንዱን ሳያደርግ፣ ግቢው መካከል እንደ ምሰሶ ደርቆ ቆሟል። እንግዲህ መካከል ላይ የቆመ ነገር እሱ ብቻ ነው። እሱን ዞርነው! ሦስት ጊዜ፣ በእልልታና በጭብጨባ፣ ፊታውራሪ ከፊት እየመሩ። ሰውዬው የሚታረድ መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ተራራው አመዱን አዘነበው። በደመራ አመድ ግንባር ላይ መስቀል ማድረግ ወጋችን አይደል? ፊታውራሪ ሁላችንንም ቀብተው ሲጨርሱ፣ ቀረብኝ እንዳይል ብለው ነው መሰለኝ፣ የሹሙንም ግንባር በአውራ ጣታቸው ቀቡት። ጭሱ ወደ ፀሐይ መውጫ አዘነበለ። «ወደ አገራችን ነው! እንገባለን!» አሉ ፊታውራሪ፤ ቀጥለውም «ምንችል፣ ያቺ ከመሬት የምትበስል ዳቦ አለች?» ብለው ጠየቁ። አንድ ሙሉ ዳቦ በሉ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ።

ተራራው በማግሥቱ ተኛ፤ ሹሙ ግን እንቅልፍ አጣ። እነዚህ ሰዎች እንጨታቸውን ብነጥቃቸው ተራራ ለኮሱብኝ ብሎ አመነ፤ ማን ያስክደው? በዓመቱ፣ መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። እንጨቱን መለሰ፣ የእማማን ምሰሶ መለሰ፣ አንድ ቆርቆሮ ላምባም ጨመረ። «ትንሿን እንደ ልባችሁ አብሩ፤ ትልቋን ግን አትንኩብኝ» አለ። ፊታውራሪ ደስ አላቸው። ሰውዬው ወጉን ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ማስተማር ይወዳሉና ምሰሶው ወደ ፀሐይ መውጫ ከወደቀ ወደ አገራችን እንገባለን፣ ወደ መግቢያዋ ከወደቀ ግን እዚሁ ከአንተ ጋር እናረጃለን አሉት። ሹሙ ይህን ሲሰማ ፊቱ ነጣ፤ ሁለተኛውን ነገር ሁለት ጊዜ አስተረጎመው።

በማለዳው ነፋሱ ወደ ፀሐይ መግቢያ ይነፍስ ነበር። እሳቱም ጭሱም ወደዚያው ተኛ። ፊታውራሪ ከዘራቸውን አንሥተው ነፋሱን ገሠጹት። ምሰሶው ነፋሱን ተከትሎ ዘመመ፣ ዘመመ፣ ከዚያ ቆመ፤ ደግሞ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ነፋሱን ገፍቶ ወደ ፀሐይ መውጫ ዘጭ አለ! መሪጌታ «ተአምር!» ብለው ተንበረከኩ። ፊታውራሪ አለቀሱ። ሹሙም አማተበ። እኔ ግን በወደቀበት በኩል ቆሜ ነበርና ከምሰሶው ጫፍ ወደ ዕቃ ቤቱ ኋላ የምትሄድ ቀጭን ሽቦ አየሁ። ዞር ብል አንድ የሹሙ ወታደር ሽቦዋን በሁለት እጁ ይዞ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አገራችሁ ግቡ ተባልን። ከአስተርጓሚው እንደ ሰማሁት ሹሙ በየሳምንቱ እነዚህን ሰዎች ውሰዱልኝ ብሎ ይጽፍ ነበር። ፊታውራሪ ግን ገና መርከቡ ላይ ሆነው ጀመሩት። ነፋሱን ገፍቶ የወደቀውን ደመራ ለካፒቴኑ ነገሩ፣ በየመንደሩ ነገሩ፣ በየሠርጉ ነገሩ። ሲጨርሱ «ይኸው ምንችል በዓይኑ አይቷል! አይደለም ወይ ምንችል?» ይላሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል።

ምን ልበል? አንዲት ቃል ብትወጣ ሽቦዋ ተከትላት እንዳትወጣ ፈራሁ። ራሴን እየነቀነቅሁ ዝም አልሁ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ዕድሜ ጠገቡ፤ የእኔ ዝምታም አብሮ አረጀ። እናም መምህሩ ያን የመጽሔቱን ዕለት «አያ ምንችል፣ መቼም ጠባይዎ ሆኖ ነው ዝም የሚሉት» ሲለኝ፣ ጠባዬ እንዳልሆነ ልነግረው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። አፌን ያሰረው የጣሊያን ሽቦ ነው።