ሥነ ጽሑፍ በቁልቁለት ላይ ብቻ እንዲሰጥ የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ አርብ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ቦንጋ፣ የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ (ቤተ መጻሕፍቱ ችግኝ ስለተከማቸበት)
የተገኙ፦ አቶ ሀብተሥላሴ (ሰብሳቢ፣ ሒሳብ)፣ አቶ ደጀን (ባዮሎጂ)፣ አቶ ነጂብ (ጂኦግራፊ)፣ ወ/ሮ ወሰንየለሽ (ሥነ ጽሑፍ)፣ ተሾመች (ጸሐፊ፣ ያለ ድምፅ)

ከጉብኝት ኮሚቴው ሰባት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ ደጀን ሥነ ጽሑፍ ይቆጠራል ወይ ብለው ጠይቀው፣ ካልተቆጠረ ስብሰባ እንደማይኖር ሲነገራቸው ጥያቄያቸውን ትተዋል።

አጀንዳ 1፦ ለሰኞው የማንኪራ ደን ጉብኝት የሰዓት ድልድል

ወ/ሮ ወሰንየለሽ ተማሪዎቹ ከአገሬው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የደኑን ታሪክ የሚሰሙበት ሁለት ሰዓት ጠየቁ። አቶ ደጀን የአካባቢ ትምህርት ሳይንስ መሆኑን አስታውሰው «ዛፍ ተረት አይሰማም» አሉ። ወ/ሮ ወሰንየለሽም «ቀመርም አይሰማም፣ ጋሽ ደጀን» አሉ። ሰብሳቢው መከባበር እንዲኖር አሳሰቡ። ከረዥም ውይይት በኋላ ሥነ ጽሑፍ መኪና ውስጥ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ስለሚረብሽ፣ ቁልቁለት ላይ ብቻ። አቶ ነጂብ መንገዱ በአብዛኛው ዳገት መሆኑን በካርታ አስረድተው ውሳኔውን ደገፉ።

አጀንዳ 2፦ የዛፎች ቁጥር

አቶ ደጀን ለጥናቱ በተመረጡት ዛፎች ላይ የቆርቆሮ ቁጥር በሚስማር መመታቱን በደስታ ገለጹ። ሪፖርቱ ሳያልቅ የማንኪራው ንብ አናቢ ሽማግሌ አቶ ቢሻው ስለደወሉ ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ። አቶ ቢሻው የእያንዳንዱን አባል ጤና፣ ልጆች፣ ከብትና ዝናብ ጠየቁ። ሰብሳቢው ወደ ጉዳዩ እንዲገቡ ቢያሳስቧቸው፣ ሰላምታው ስለተቋረጠ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ቀጥለውም «ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው። ማንን ጠይቃችሁ ነው ሚስማር የመታችሁበት? ሰኞ ማንም እንዳይመጣ» ብለው፣ በወጉ ተሰናብተው ዘጉ።

አጀንዳ 3 (በድንገት የተያዘ)፦ ባለቤትን መጠየቅ በየትኛው ትምህርት ሥር ነው?

አቶ ደጀን በባዮሎጂ ውስጥ እንደሌለ መጽሐፉን ገልጠው አሳዩ። አቶ ነጂብ ጂኦግራፊ ዛፉ የት እንዳለ እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም አሉ። ሰብሳቢው ሌላ ሰው ጠይቆ ከመጣ መደመር እንደሚችሉ ገለጹ። ሁሉም ወደ ወ/ሮ ወሰንየለሽ ዞሩ። እሳቸውም ሰዓታቸው ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ቁልቁለት ሲደረስ እንደሚናገሩ ገልጸው ቦርሳቸውን አነሱ።

አቶ ደጀን «እትዬ ወሰንየለሽ፣ ልጆቹ እኮ ዓመቱን ሙሉ ይህን ቀን ሲጠብቁ ነው የከረሙት» አሉ። ወ/ሮ ወሰንየለሽ ተመልሰው ተቀመጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ እስካሁን የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ ሚስማሩ እንዲነቀል፤ ነገ ቅዳሜ ወ/ሮ ወሰንየለሽ ከፊት፣ ሳይንሶቹ ከኋላ ሆነው ባለዛፎቹን ይቅርታና ፈቃድ እንዲጠይቁ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ደጀን የዚህ ትምህርት ውጤት በምን እንደሚለካ ጠየቁ። ወ/ሮ ወሰንየለሽ «ካስገቡን አልፈናል፤ ከመለሱን ወድቀናል» አሉ።

ስብሰባው 10፡40 ላይ ተበተነ። አቶ ደጀን ፒንሳ ፍለጋ ቀድመው ወጥተዋል።