የካፒታኖው የልደት ወይን

እኛ የተወለድንበትን ቀን አናውቅም፤ ብናውቅም የሚጠይቀን የለም። እናቴን ስለ ዕድሜዬ ስጠይቃት «አንበጣው ከመጣ በኋላ፣ የጎረቤታችን ቤት ሳይቃጠል» ብላ ትገላገለኛለች። እንግዲህ አንባቢዬ፣ በዚህ ሒሳብ ሃምሳ የሞላኝ ዘንድሮ ይሁን አምና ማን ይነግረኛል? ፈረንጅ ግን እንዲህ አይደለም። ቀኑን ቆጥሮ ያስታውሳል፤ ይባስ ብሎ ስጦታ ይጠብቃል።

ይህን የተማርኩት በጣሊያን ጊዜ፣ ዲላ ላይ ጨውና አቡጀዴ ስሸጥ ነው። ገደብ አካባቢ ቀፎ የሚሰቅለው የባለቤቴ ወንድም ደጀኔ፣ ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ ታስሮ ነበር። እንደሱ ታስረው በሕይወት የወጡ ጥቂቶች ናቸው፤ ባለቤቴ አጸደ እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች። ደጅ ስጠናው የከረምኩት አስተርጓሚ አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ አዛዡ ካፒታኖ በመጪው እሑድ ሃምሳ ዓመት እንደሚሞላው፣ በተወለደበት ዓመት የተጠመቀ ወይን ያመጣለት ሰው ደግሞ የለመነውን እንደማያጣ ሹክ አለኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አንድ ግሪክ ነጋዴ ዘንድ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ተገኘ፤ በበቅሎዬ ለወጥኩት። ነጭ ወይን ሲያረጅ መልኩ ማር እንደሚመስል፣ ባረጀም ቁጥር እንደሚከበር ግሪኩ አስረዳኝ፤ እኔም ቤት ገብቼ በኩራት ለአጸደ አስረዳኋት። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ሃምሳ ዓመት የከረመ መጠጥ ለሰው ይሰጣል? ወንድሜን ሊያስገድሉት ነው?»

የፈረንጅ ወግ ነው ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። እሑድ ለባብሰን፣ ጠርሙሱን ይዘን ልንማጸን ሄድን። ዘበኛው በሩን ሲከፍትልን አጸደ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሐሳብ እንዳይገባኝ፣ ያንን የኮመጠጠ ነገር ደፍታ ጠርሙሱን አጥባ፣ ለበዓል የጣለችውን ጠጅ አጥልላ እንደሞላችበት፣ አፉንም መልሳ በሰም እንዳሸገችው ነገረችኝ። ጠርሙሱን ይዤ ወደ ኋላ ዞርኩ። መመለስ ደግሞ አይቻልም፤ ግቡ ተብለናል።

ካፒታኖው በጠርሙሱ ላይ ያለውን ዓመት አነበበና ለመኮንኖቹ አሳየ። ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ደግሞ ቀመሰ። መኮንኖቹም ቀመሱና እርስ በርስ ተያዩ፤ መቼስ ሃምሳ ዓመት የከረመ ወይን ጣዕሙን አላውቀውም ብሎ በአለቃው ፊት ማን ይዋረዳል? ከዚያ ካፒታኖው ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው አሳጠረው።

«ከዚሁ ዓመት ሌላ አለ ወይ ይላሉ።»

እኔ የለም ልል ነበር። አጸደ ግን ነጠላዋን አስተካክላ መለሰች።

«አለ። ያለበትን የሚያውቀው ግን እዚህ የታሰረው ወንድሜ ነው።»

ደጀኔ በዚያው ቀን ከእኛ ጋር ወደ ቤት ገባ። ደስታዬ ይህ ነው አይባልም፤ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ካፒታኖው አውቆን ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩም፤ ዝም አይነቅዝም። ከዚያ ወዲያ ደጀኔ ማሩን ይቆርጣል፣ አጸደ ትጥላለች፣ እኔ ከግሪኩ ባዶ ጠርሙስ እለምናለሁ። ጣሊያን ከዲላ እስኪወጣ ድረስ ካፒታኖው በየሳምንቱ ተወለደ።