በምራቅ የተለጠፈ ዶላር

ሰው ባደገበት አገር የለመደውን ሁሉ ዓለም በሙሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል። የኔው ከጅቡም ይብሳል፤ እኔ የተዋረድኩት በተወለድኩበት ከተማ ነው።

የተወለድኩት ሐርጌሳ፣ ያደግኩት ድሬዳዋ። ከአራት ዓመት በፊት ሐርጌሳ ተመለስኩና ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፍሪጅና ኤሲ እጠግናለሁ። ሱቅ የለኝም፤ ሱቄ ስልኬ ናት። ይደወልልኛል፣ መፍቻዬን ይዤ እሄዳለሁ። ኢፍራህንም ያገኘኋት እንዲሁ ተጠርቼ ነው። የምትሠራበት ፋርማሲ ፍሪጅ ተበላሽቶ ሄድኩና፣ በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ሥራ ሦስት ቀን አስኬድኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ፍሪጁ ግን እስከ ዛሬ አልተበላሸም።

ኢፍራህ አባቷ ስለሞቱ የሚድሯት አጎቷ ናቸው። አዴር ጃማ እንላቸዋለን፤ አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አዴር ጃማ ሊያዩኝ ፈለጉ። የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁን ያሳደገው ሌላ አገር ነው፣ ወጋችንን ያውቃል ወይ? ስለዚህ እራት እየተበላ ቀልድና ሙዚቃ ወደሚታይበት አዳራሽ ጋበዙኝ። ሰው ፈተና በቢሮ ይፈተናል፤ እኔ የተፈተንኩት በፍየል ሥጋና በሩዝ ነው።

ኢፍራህ ቀን ላይ ደውላ መክራኛለች። ሙዙን ከሩዙ ጋር ብላ፣ ሰው ሲስቅ ሳቅ፣ ሌላው ይቅርብህ አለችኝ። ከዚህ የቀለለ ምክር አለ? መግሪብ ሰግደን ገባን። ሙዙን ከሩዙ ጋር በላሁ። ቀልደኞቹ ከውጭ አገር ተመልሶ መሬት ላይ መቀመጥ ያቃተውን ዲያስፖራ ሲጫወቱ፣ እኔ እንዳልሆንኩ እንዲታወቅልኝ ከአዳራሹ ሁሉ አስበልጬ ሳቅኩ። አዴር ጃማ ግን ፈገግ እንኳ አላሉም፤ ዓይናቸው እኔው ላይ ነው። ቢሆንም ሥጋ ቆርጠው ወደ እኔ ገፉልኝ። አልፌያለሁ አልኩ በልቤ።

ዘፋኟ ሲወጡ ነው ነገር የተበላሸው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ግርማ ያላቸው ሴት ናቸው። ስለ ስደት ሲያዜሙ፣ እናቴ ድሬዳዋ ጓሯችን ልብስ እያጠበች የምታንጎራጉረው ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰዎች ተነስተው መድረክ እየወጡ የአበባ ጉንጉን በዘፋኟ አንገት ላይ ያጠልቃሉ። አሃ፣ እዚህም ይሸለማል ማለት ነው! ድሬዳዋ ዘፋኝ ልብህን ከነካው አንተ ደግሞ ኪስህን ትነካለታለህ። ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፍና እስክስ ብለህ ትመለሳለህ።

ሻይ እንኳ በስልክ በሚከፈልበት ከተማ፣ ኪሴ ውስጥ አንዲት የአንድ ዶላር ኖት ተገኘች። ባትገኝ ምን ነበረበት? ወጣሁ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ኤሲውን ባለፈው ወር ያደስኩት እኔው ነኝ፤ ዘፋኟ ጠብ የሚል ላብ የላቸውም። ላብ ከሌለ በምን ይጣበቃል? እንደ አገሬ ልማድ ኖቷን በምላሴ አራስኩና በሰው ሁሉ ፊት ግንባራቸው ላይ ለጠፍኩ።

የሙዚቃ ባንዱ ቀጥ አለ። እዚህ አገር የባዕድ ሴት እጅ እንኳ አይጨበጥም፤ እኔ ደግሞ ምራቅ ጨምሬበታለሁ። ከቀልደኞቹ አንዱ ማይኩን አነሳና፣ ወንድሜ፣ ቴምብሩን ከለጠፍክ አይቀር ወዴት እንደምትልካቸው ንገረን አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘፋኟ ራሳቸው በነጠላ ጨርቃቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። ዞር ብዬ አዴር ጃማን አየሁ፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ለቅሶ ነው አልኩ። የወንድማቸውን ልጅ ለማን ሊሰጡ እንደነበር አስበው እያለቀሱ ነው። በኋለኛው በር ወጣሁ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንዲህ ነው። በማግስቱ ቪዲዮዬ ከስልክ ስልክ ዞረ፤ አንድ ደንበኛዬም ልኮልኝ በሚስቅ ፊት ምልክት አጀበው። ሲም ካርዴን አውጥቼ ጣልኩና አዲስ ቁጥር አወጣሁ። ከጅግጅጋ ያርም ለቅቄ ማሕሙድ ሃይቤ የሚባል ሌላ ሰፈር ገባሁ። ኢፍራህስ? ነገሩ ይብረድ፣ ሰው ይርሳው፣ ያኔ ሄጄ አጎቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። በየቀኑ ነገ እያልኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስወጣ አንድ ሰው ከኋላ ያዘኝ። አዴር ጃማ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አቅፈው እንደገና ሳቁ፤ ትከሻቸው ልክ እንደዚያ ምሽት እየተንቀጠቀጠ።

ከሚስቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም አሉኝና ቀጠሉ። የዚያኑ ዕለት ቤት ገብቼ ለኢፍራህ፣ ወጉን እናስተምረዋለን፣ ልቡ ደህና ነው፣ ሽማግሌዎቹን ይላክ ብያት ነበር። በማግስቱ ብትደውል ስልክህ ዝግ ነው። ቤትህ ሰው ብንልክ ለቋል ተባለ። ፈልጋ ፈልጋ ስታጣህ፣ ትቶኛል ብላ አለቀሰች። እኛም ትቷታል አልን። ባለፈው ወር የሌላ ሰው ሽማግሌዎች መጡና እሺ አልን አሉኝ።

ምን ይባላል? ማሻአላህ አልኩ። አዴር ጃማ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሰርጉ በሚቀጥለው ሐሙስ ነው፣ እንዳትቀር፣ ጥሪውን ኢፍራህ ራሷ ትልክልሃለች፣ አዲሱን ቁጥርህን ጻፍልኝ አሉና ስልካቸውን አቀበሉኝ።

ፈልጋ ፈልጋ ያጣችውን ቁጥር በገዛ እጄ ጻፍኩላት።